የኪራሙዋ መኪና ኮፍያ

ከዚህ በታች ከሚነገረው ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ከተገኘች በወለጋ ምድር ማንጎ አይብቀል። የነቀምቴ ባጃጅ ሁሉ በአንድ ቀን ጎማው ይተንፍስ። ተናጋሪውም እስከ ዕድሜው መጨረሻ የኋላ ወንበር ላይ፣ ያውም ከጎማው በላይ በሚያነጥረው በኩል፣ ተሳፋሪ ሆኖ ይሂድ። ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። መሪ ጨብጦ ለኖረ ሰው የኋላ ወንበር ከሲኦል የሚቀረው አንድ ፌርማታ ብቻ ነው።

እንዲህ ብሎ የማለው ፈየራ ነው። የማለበት ቦታ ኑኑ ቁምባ፣ ያስማለው ደግሞ ገንፎ። ገንፎው መታሰቢያ የምትባለው አራስ የምትጠየቅበት ገንፎ ነው፤ መሀሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቷል፤ ዙሪያውን ጠያቂዎቿ ተቀምጠዋል። መታሰቢያ ራሷ ሕፃኑን ታቅፋ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። አባቷ ታረቀኝ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ ያዞራል። ፈየራ የአባትየው ወዳጅ ብቻ ሆኖ ሳለ የሶፋውን መሀል ይዟል። የትም ቤት ቢገባ መሀሉን ነው የሚይዘው፤ ሃምሳውን ካለፈ ወዲህ ደግሞ እሱም ሰፍቶ መሀሉ አልበቃ ብሎታል።

የቀሩት እንግዶች መታሰቢያ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረቦች ናቸው። ዘንድሮ የተመደቡ ወጣቶች ስለሆኑ የአምናውን ሠርግ አላዩም። ይህ ለፈየራ ትልቅ ጸጋ ነበር። ሚስቱ ድርቤ ነቀምቴ ቤት ጠባቂ ሆና መቅረቷ ሌላው ጸጋ ነው፤ ድርቤ ብትኖር መሐላው ያጥር ነበር።

ነገሩን የነካካው ሞረዳ የሚባለው መምህር ነው።

«ኦቦ ፈየራ፣ እንዴት መጣችሁ? መንገዱ ጭቃ ነው ሲሉ ነበር።»

«በቀለም ነጋዴው በሱሀይብ መኪና» አለ ፈየራ፤ ይህቺን በችኮላ አለፋት። «ጭቃ አልክ? ይሄ ጭቃ ነው? ጭቃ ማለት አምና ይቺን ልጅ ለባሏ ያመጣሁ ቀን የነበረው ነው። ያውም በራሴ መኪና። ያውም ኮፍያዋ በተሰነጠቀ በሳምንቱ። ያውም በገዛ እጄ፣ በገዛ ግቢዬ ጠግኜ!»

«ታዲያ ዛሬስ በእሷ አትመጡም ነበር?»

«ንግሥት በየቀኑ አትወጣም፣ ሞረዳ።»

መምህራኑ ሳቁ። የመታሰቢያ ባል ሌሊሳም ሳቀ፤ የእሱ ግን ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ሳቅ ስለነበር ቶሎ ብሎ ለስላሳ ሊያመጣ ወጣ። ሰው በገዛ ቤቱ የእንግዳ አፍ አይዘጋም። ከፈየራ ጎን የተቀመጠችው ካሰች ነጠላዋን አስተካክላ ለመስማት ተመቻቸች። ካሰች የፈየራ ጎረቤት ናት፤ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ እህል በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። ታሪኩ ውስጥ እሷም አለችበት።

መኪናዋ ጣሪያዋ ከፍ ያለ ነጭ ሚኒባስ ነበረች። ጣሪያው እንደ ቀረው አካሏ ላሜራ አይደለም፤ ከላይ ለብቻው የተደፋ ፋይበርግላስ ነው፤ ሾፌሮቹ ኮፍያ ይሉታል። ረጅም ሰው አንገቱን ሳይሰብር ቆሞባት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ግመል ቆሞባት ተጉዟል፤ እውነት ለመናገር ግመሉ ትንሽ ነበር።

ያቺ መኪና የምትሠራው ከነቀምቴ ኪራሙ ነው። ያኔ መንገዱ መንገድ ነበር። ማለዳ ከመናኸሪያ ሲወጡ ነቀምቴ ጉሟን ተከናንባ ትቀራለች። ኡኬ ሲደርሱ ሹራብ ይወልቃል። አንገር ጉቴ ላይ መስኮቱ ሁሉ ይከፈትና የወንዙ ወበቅ ይገባል፤ ከወበቁ ጋር ማንጎው፣ ሙዙ፣ ሸንኮራው በመስኮት ይገባል፤ ከወንበር ሥር የታሰረ ዶሮ ይንጫጫል። ከፊት ያሉት በኦሮምኛ የጀመሩትን ወግ ከኋላ ያሉት በአማርኛ ይጨርሱታል፤ መሀል የተቀመጠው በሁለቱም ይሰደባል። አንዱ ሲያስነጥስ መኪናው በሙሉ «ይማርህ» ይላል። የማይተዋወቁ ሰዎች ተሳፍረው ሲወርዱ አድራሻ ይለዋወጣሉ፤ በዚያች መኪና የተጀመረ ትዳር ቢቆጠር አንድ ቀበሌ ይሞላል።

ረዳቱ ታረቀኝ ነበር። የኪራሙ ሰው ነው፤ አያቶቹ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኡኬ! ጉቴ! አንዶዴ! ጊዳ! ኪራሙ፣ ኪራሙ፣ ኪራሙ የቀረ!» ብሎ ሲጣራ ድምፁ ተራራ ይሻገራል። ነቀምቴ ላይ የጠራው ኪራሙ ስለሚሰማ እዚያ ያለው ተሳፋሪ ዕቃውን ቀድሞ ይሸክፍ ነበር። ከበሩ ሲወርድ ግን ታረቀኝ ዝምተኛ ነው። ያለውን ቃል በሙሉ በሩ ላይ ይጨርሰዋል።

መታሰቢያ እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስላረፈች ያደገችው ጋቢና ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋ በሾፌሩና በአባቷ መሀል ተቀምጣ መሪው የሚዞርበትን እያየች ትመላለስ ነበር። አንድ ቀን አንገር ድልድይ ጋ የሠርግ አጀብ መጣና ፈየራ ዳር ይዞ ቆመ። የሙሽራዋ መኪና በአበባ ተሸፍኗል፤ ክላክሱ ወንዙን ያናውጠዋል። ልጅቷ አፏን ከፍታ አየች።

«አንቺንስ ማን ነው የሚወስድሽ?» አላት ፈየራ።

«አንተ።»

«በየትኛው መኪና?»

«በዚችው!»

«በሌላ ብትሄጂ ስሜ ፈየራ አይደለም። ታረቀኝ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ታረቀኝ ከበሩ ላይ። ቃል ማለት ይሄው ነው፤ ሾፌር ይሰጣል፣ ረዳት ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መንገዱ ክፉ ሆነ። ታረቀኝ ልጁንና አንድ የቃጫ ጆንያ የበቆሎ ዘር ይዞ ነቀምቴ መጣ። ዘሩን ያዘ እንጂ የሚዘራበትን መሬት ይዞ መምጣት አልቻለም። ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየ። መኪናዋም ፈየራ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ቆመች። በሌላ መስመር አሰማራት ያሉትን ሁሉ ፈየራ መለሳቸው።

«ሌላ መንገድ አታውቅም» ይላል። «መሪዋን ብለቅላት ቀጥ ብላ ኪራሙ ነው የምትሄደው።»

ሣሩ ጎማዋን ዋጠው። የድርቤ ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ ጫጩት ፈለፈሉ። ፈየራ ግን ማለዳ ማለዳ መስተዋቷን ይወለውላል፤ ከዚያ ሰው አለማየቱን አረጋግጦ መሪው ጋ ትንሽ ተቀምጦ ይወርዳል።

አምና ግንቦት የመታሰቢያ ሠርግ ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ከተሸኙ በኋላ ታረቀኝ ማንጎው ሥር መጣና የመኪናዋን በር በመዳፉ ነካ።

«ልጄን የምድራት ከሰው ቤት ነው» አለ። «ከተወለደችበት ደጃፍ አትወጣም። ቢያንስ በኪራሙዋ መኪና ትውጣ።»

ያለው ይህን ብቻ ነው፤ አልደገመውም። ይህ ሰው ቤቱን፣ ማሳውን፣ የሚስቱን መቃብር ትቶ ከመጣ ወዲህ ማንንም ምንም ጠይቆ አያውቅም። የጠየቀው ይህን ነው።

«ትወስዳታለች!» አለ ፈየራ ደረቱን እየደቃ። «እኔ እያለሁ? ያውም እያፏጨች ነው የምትወስዳት!»

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ማንጎው ወደቀ።

«ማንጎ?» አለ ሞረዳ ገንፎውን መብላት አቁሞ። «ፍሬው ነው ጣሪያ የሰበረው?»

«ፍሬ አትበለው። የጥጃ ጭንቅላት ያክል ነበር። ሰፈሩ በሙሉ በልቶት ተርፎ ለፍየል ተሰጥቷል።»

«ቅርንጫፉ ነው የወደቀው» አለች ካሰች።

«ቅርንጫፉ ፍሬውን ተከትሎ ነው የመጣው፣ አዴ ካሰች። አታቋርጪኝ!»

ኮፍያዋ ከግንባሯ እስከ መሀል አናቷ ተሰነጠቀ። ላሜራ ቢሆን ቀጥቃጭ መትቶ ይመልሰው ነበር። ፋይበር ግን ኩሩ ነው፤ አይታጠፍም፤ ወይ ይችላል ወይ ይሰነጠቃል። ጋቢና ውስጥ ቀና ያለ ሰው ሰማይ ያያል። የግንቦት ዝናብ ደግሞ ጀምሯል፤ ያ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስብበት ውሎ ከሰዓት በኋላ ሐሳቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያፈሰው የወለጋ ዝናብ። በዚያ ስንጥቅ ሥር ቬሎ የለበሰች ልጅ ማስቀመጥ ፏፏቴ ሥር ማስቀመጥ ነው። ጋራዦቹ ሁሉ መጥተው አዩና «ፋይበር አንነካም፤ አዲስ አበባ ውሰዳት» አሉ።

«አዲስ አበባ ራሷ ስትሰነጠቅ እኔ ጋ ነው የምትመጣው» አላቸው ፈየራ።

ከዚያ ወደ ሱሀይብ ቀለም መሸጫ ሄደ። ሱሀይብ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የወለዱት ነጋዴ ነው። ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ጋሎን፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስና እንደ ጥጥ የሚነጭ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣ።

«ስማኝ ፈየራ። ይሄ ሙጫው ነው፤ ሬዚን ይሉታል። ይሄ የፋይበር ጨርቁ ነው፤ ሙጫውን እያጠጣህ ስንጥቁ ላይ ትደራርበዋለህ። ይቺ ደግሞ ማድረቂያዋ ናት። ለአንድ ጣሳ ሙጫ በጠርሙሷ ክዳን ሁለት። ካነሰች ሲጠበቅ ይዋላል እንጂ አይደርቅም። ከበዛች ይናደዳል።»

«ሙጫ ይናደዳል?»

«ይናደዳል! ከእጄ ያለው ይሄው ብቻ ነው፣ እንዳታበላሸው።»

«ሱሀይብ፣ እኔ ፋይበር ስጠግን አንተ አልተወለድክም» አለው። በዕድሜ የሚበልጠው ሱሀይብ ነበር፤ ግን ፈየራ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ቁጥብ አይደለም፤ ሲያስፈልገው ዕድሜ ይበደራል።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ የስንጥቁ ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ሙጫ ልስላሴ አይወድም፣ የሚቧጥጥበት ሻካራ ይፈልጋል። ፈየራ ሲፍቅ ነጭ ብናኝ ግቢውን ሞላው። የፋይበር ብናኝ ደግሞ ከአባጨጓሬ ይብሳል፤ ያሳክካል። ፈየራ አከከ፤ ድርቤ አከከች፤ ዶሮዎቹ አከኩ። የጸሎት ፕሮግራም ላይ ቁጭ ብሎ ትከሻውን በወንበሩ መደገፊያ ሲፈትግ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መንፈስ የነካው መስሏቸው ከበው እጃቸውን ጫኑበት። የሚያሳክከው ቦታ ላይ ስለጫኑለት ፈየራ ከልቡ «አሜን!» አለ።

ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ሙጫው ሊበጠበጥ ሆነ። ፈየራ ብሩሹን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ታረቀኝ ከሥር ሆኖ ጨርቁን በሰፊ ሳፋ ዘርግቶ ይጠብቃል። ካሰች ድርቤን ሽንኩርት ልታግዝ መጥታ ነበር። ፈየራ ከላይ አያትና ሐሳብ መጣለት።

«አዴ ካሰች! ነቀምቴ ውስጥ ካንቺ የተሻለ ሰፋሪ የለም። ማሎ፣ እባክሽ፣ ይቺን ማድረቂያ ለክተሽ ጨምሪልኝ። ክዳን ሁለት!»

ካሰች እጇን ታጥባ መጣች። ለካች። አንድ ክዳን። ሁለት ክዳን። ልክ ነው፤ ሱሀይብ ራሱ እንደዚያ አይለካም። ሌላ አገር ቢሆን ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ካሰች ግን እህል ስትሰፍር ኖራ ልክ ለክታ እጇን የሰበሰበችበት ቀን የለም። ጣሳው ሞልቶ ከተገለበጠ በኋላ በእፍኝ የሚጨመር አለ፤ ምርቃት ይባላል፤ እሱን የነፈገ ነጋዴ ደንበኛውን ለጎረቤት አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ደግሞ ይህ የሠርግ ሥራ ነው። ለሙሽራ ሥራ ልክ ብቻ ሰፍሮ መሄድ ነውር ነው። እጇ ራሷን ሳታማክር ጠርሙሱን አንዴ ገልበጥ አደረገች።

«ምርቃት» አለች ለሙጫው።

ጣሳው መጀመሪያ ሞቀ። ቀጥሎ ሙጫው ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ሻይ መሰለ። ታረቀኝ ሳያውቅ ጨርቁ ላይ ገለበጠው። ያኔ ነው የተናደደው። ጨሰ! ጭሱ ማንጎውን አልፎ ወጣ፤ በሰማዩ ላይ የነበረው ደመና የራሱ ወገን መስሎት ቀረበ። የሰፈሩ ውሾች ተያይዘው ወደ ሲሬ መንገድ ጀመሩ። ፈየራ ከጣሪያው ያለ መሰላል ዘለለ፤ ድርቤ ከማዕድ ቤት «ፈየራ! አሁን ደግሞ ምን አቃጠልክ?» እያለች ወጣች። እስኪደርሱ ሳፋው፣ ጨርቁና ሙጫው አንድ ላይ ደርቀው ድንጋይ ሆነዋል። የድርቤ ግቢ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ዛሬም የሚይዘው ያ ድንጋይ ነው፤ ነቀምቴ የሄደ ሰው በእግሩ መትቶ ማረጋገጥ ይችላል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሁሉ ወደ ካሰች ዞረ።

«ታዲያ ምን ልሁን?» አለች ካሰች፤ ይባስ ብላ ኮራች። «ልክ ሰፍሮ ዝም የሚል እጅ አልተሰጠኝም።»

እዚህ ቦታ ላይ ፈየራ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጨርቁ አልቋል። ጋሎኑ ታች ላይ የቀረው ሙጫ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ሱሀይብ ጋ ሌላ የለም፤ ሠርጉ ነገ ነው። ፈየራ መኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ የሚናገረው ጠፋው። ፈየራ የሚናገረው ሲጠፋው ያየ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ታረቀኝ ከግቢው ወጣ። ሲመለስ ያችን የቃጫ ጆንያ በትከሻው ይዟል። ድርቤን ሰፌድ ለመናትና የበቆሎ ዘሩን ገለበጠው፤ ቢጫ ቢጫው ፍሬ ሰፌዱን ሞልቶ ፈሰሰ። ባዶውን ጆንያ ለፈየራ ሰጠው።

«ይሄ ጨርቅ አይሆንም?»

«ታረቀኝ፣ ይሄ የኪራሙ ጆንያህ ነው።»

«አዎ።»

«ዘሩስ?»

«ዘር ሰፌድ ላይም ያድራል።»

ጆንያውን በቢላ ቀደዱት። ማድረቂያዋን ፈየራ ራሱ ለካ፤ ካሰች ሁለት እጇን በብብቷ ከትታ እሩቅ ተቀመጠች። ቃጫው ሙጫውን ጠጣ፤ ጠጣና እንደ ቆዳ ሆነ፤ ስንጥቁ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረቡት። ዝናቡ መጣ። ገና አልደረቀም! የዚያን ጊዜ ግማሹ ነቀምቴ ወጣ ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ጎረቤቱ ሸራውን በየጠርዙ ይዞ ከመኪናዋ በላይ ዘረጋው። ባጃጅ ነጂዎች ባጃጃቸውን አቁመው ገቡ። ዘመሩ፤ አንዱ የሠርግ ሲያወጣ ሌላው የመዝሙር ያወጣል፤ ግጥሙን የማያውቅ ያጨበጭባል። ዝናቡ ሲያባራ ፈየራ ወጥቶ ኮፍያዋን በጣቱ አንጓ መታት። ቋ! አለች። ከበሮ እንዲህ አይጮኽም። በማግስቱ ነጭ ቀለም ተቀባች፤ የተጠገነው የቱ ጋ እንደሆነ ዝንብ እንኳ አትለየውም ነበር።

«ዘሩ የት ደረሰ?» አለች አንዲት መምህርት።

«ድርቤ መኪናዋ ዙሪያ ዘራችው። እሸቱን ዘንድሮ ጠግበን በላን።»

«ዙሪያዋን ከተዘራ መኪናዋ በምን ወጣች?» አለ ሞረዳ።

«የተዘራው ከተመለሰች በኋላ ነዋ! መምህር አይደለህም እንዴ? ቅደም ተከተል አታውቅም?»

የሠርጉ ዕለት መታሰቢያ በቬሎዋ መጥታ ጋቢና ገባች። ፈየራ ቁልፉን ገና ከኪሱ ሲያወጣ ሞተሯ ተነሳ፤ ያን ያህል ናፍቃ ነበር።

«ባትሪዋስ?» አለች ካሰች፤ ለራሷ የምታወራ መስላ።

«አዴ ካሰች፣ ገንፎ ብዪ! ይቀዘቅዛል!»

መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ሣሩን ከእነሥሩ ነቅላ ወጣች። ታረቀኝ ሱፉን ለብሶ በሩ ላይ ተንጠለጠለ። ከከተማ እንደወጡ ዝናቡ ጀመረ፤ ኖኅ ቢያየው መርከቡን መልሶ ሚስማር ይመታው ነበር። መንገዱ ወንዝ ሆነ። አይሱዙዎች ግራና ቀኝ ጭቃ ውስጥ ተኝተው፣ ሾፌሮቻቸው ጎማ ላይ ተቀምጠው አገጫቸውን ይዘዋል። ፈየራ ሁለቱን እግረ መንገዱን ጎትቶ አወጣ። አጀቡን የያዙት አዳዲስ መኪኖች ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ የኪራሙዋ መኪና ቀጥ ብላ ሄደች፤ አንገርን ያየች መኪና ምን ያስደነግጣታል? ኮፍያዋ ላይ ዝናቡ እየደበደበ ሲያቅተው ወደ ጎን ሄደ። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሙሽራዋ ኑኑ ቁምባ ስትወርድ ቬሎዋ ከገበያ እንደወጣ ነበር፤ እንዲያውም ፀጉሯ ላይ አቧራ ነበረባት። ከተማው በእልልታ ተነቀነቀ። አዛውንቶች ሙሽራዋን ትተው ኮፍያዋን ዳሰሱ።

«እንግዲህ» አለ ፈየራ ማንኪያውን እያነሳ፣ «የኪራሙዋ መኪና ልጇን ዳረች። ቃልም አልታጠፈ።»

አጨበጨቡለት። ሞረዳ ግን እየሳቀ ወደ በሩ ዞረ።

«ዱጋዳ? ውነት ነው፣ አባባ ታረቀኝ? እርስዎ በሩ ላይ ነበሩ አይደል?»

ታረቀኝ ባርኔጣውን አንድ ዙር አዞረው።

«ረዳት በሾፌር ቃል ላይ አይጨምርም» አለ።

ሳቁ እንደገና ሊነሳ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ። ሕፃኑ እንዳይነቃ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

«ጋሼ» አለች መታሰቢያ። «መኪናዋ እኮ ከማንጎው ሥር አልተንቀሳቀሰችም።»

የፈየራ ማንኪያ ገንፎው ላይ ቆመ።

«ኮፍያዋም አፍስሳለች። በጆንያው ጠርዝ በኩል፣ ቬሎዬ ትከሻ ላይ። እዚህ ያመጣኝ የሱሀይብ መኪና ነው፤ ሌሊሳና ሚዜዎቹ በእሷ ሆነው አጥሩ በር ላይ እየጠበቁን ነበር። መጀመሪያ ግን ጋቢና አስገባኸኝ፤ መሀል፣ እንደ ድሮው። ቁልፉን አዞርክ፤ እንቢ አለች። ደግመህ አዞርክ። ከዚያ ሞተሯን በአፍህ አስነሳህ። ክላክሱንም በአፍህ። አባዬ መጀመሪያ መሬት መሬት እያየ ቆሞ ነበር። ከዚያ መጥቶ በሩ ላይ ተንጠለጠለ፤ በዝናቡ፣ በሱፉ። ኡኬ አለ። ጉቴ አለ። አንዶዴ። ጊዳ። ነቀምቴ ከገባን ጀምሮ ያልሰማሁትን ያንን ድምፁን አወጣው። ኪራሙ ሲል 'ወራጅ አለ' አልኩ። አቆምክልኝ። ወረድኩና እዚያው የአባዬን ጉልበት ሳምኩ፤ መረቀኝ። ወደ ሱሀይብ መኪና የተሻገርኩት ከዚያ ነው።»